የቸርነቱ ምስክሮች በቤታችን

ሰው ለመርሳት የፈጠነ ፍጥረት ነው። በታመመ ጊዜ የተሳለውን በዳነ ጊዜ ይዘነጋዋል፤ በጨነቀው ሌሊት እያለቀሰ የጸለየውን ጸሎት፥ ጭንቁ በተወገደለት በማግሥቱ እንደ ሕልም ይቈጥረዋል። የሰውን ውለታ መርሳት በሰው ዘንድ ነውር ነው፤ የእግዚአብሔርን ውለታ መርሳት ግን ከነውርም አልፎ ጉዳት ነው። ያለፈውን ቸርነት የረሳ ሰው ለሚመጣው መከራ የሚሆን ስንቅ የለውምና። ትናንት ማን እንዳሻገረው ያላስተዋለ፥ ዛሬ ወንዙ ሞልቶ ሲያገኘው የሚጨብጠው ያጣል።

የሰውን ልቡና የፈጠረ አምላክ ይህን ድካማችንን ስለሚያውቅ፥ «አስቡ» ብሎ በቃል ብቻ አዝዞ አልተወንም። በዓይን የሚታይ፥ በእጅም የሚዳሰስ ምልክት እንድናኖር ፈቀደልን። ለኖኅ ቀስተ ደመናን በሰማይ አሳየው። ያዕቆብ በስደቱ ሌሊት የተንተራሰውን ድንጋይ ሐውልት አድርጎ አቆመው፥ ዘይትም አፈሰሰበት፤ የዚያንም ስፍራ ስም ቤቴል አለው። ነቢዩ ሳሙኤል እስራኤል ከፍልስጥኤማውያን እጅ በዳኑ ጊዜ ድንጋይ አንሥቶ አቆመ፤ ስሙንም አቤንኤዘር ብሎ ጠራው፤ ትርጓሜውም የረድኤት ድንጋይ ማለት ነው። በሙሴ ሕግ ደግሞ እስራኤል በልብሳቸው ጫፍ ዘርፍ አድርገው በላዩ ሰማያዊ ፈትል እንዲያኖሩ ታዘዙ፤ ይኸውም ባዩት ቍጥር ትእዛዙን ያስቡ ዘንድ ነው።

እንግዲህ የተወደዳችሁ አንባብያን፥ በየቤታችን ስለሚገኙ ስለ እነዚህ ዐይነት ምስክሮች ጥቂት እንነጋገር። ነገሩ ቀላል ቢመስልም፥ የሚነካው ግን የልጆቻችንን ሃይማኖት ነው።

ከወንዙ መካከል የተነሣ ድንጋይ

በመጽሐፈ ኢያሱ በአራተኛው ምዕራፍ የተጻፈው ታሪክ ለዚህ ጉዳይ ዋና መምህራችን ነው። ጊዜው መከር ነበረ፤ ዮርዳኖስም እስከ ዳርቻው ሞልቶ ነበር። ታቦቱን የተሸከሙ ካህናት በወንዙ መካከል ቆመው ሳሉ ሕዝቡ ሁሉ በደረቅ ተሻገረ። ከዚያ በኋላ ከየነገዱ አንድ አንድ ሰው፥ በጠቅላላው 12 ሰዎች ተመርጠው፥ እያንዳንዳቸው አንድ ድንጋይ በትከሻቸው ተሸክመው አወጡ፤ ድንጋዮቹም በጌልገላ ተተከሉ።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ነገር ልናስተውል ይገባናል። አንደኛው፥ ድንጋዮቹ የተነሡት ከዳር አይደለም። በዳር ብዙ ድንጋይ ሞልቶ ሳለ፥ የካህናቱ እግር ከቆመበት ከወንዙ መካከል፥ ማለትም አደጋው ከነበረበት ስፍራ እንዲነሡ ታዘዘ። ስለዚህ እውነተኛ መታሰቢያ የሚገኘው ከመከራችን ስፍራ እንጂ ከምቾታችን ስፍራ አይደለም። ሁለተኛው፥ ድንጋዮቹ የተተከሉት በዓይናቸው ላዩት ሰዎች ብቻ አይደለም። ያላዩት ልጆች አንድ ቀን መጥተው ስለ ድንጋዮቹ እንዲጠይቁ፥ አባቶችም እንዲመልሱ ነው። ስለዚህ ድንጋዩ የታሪኩ ምትክ ሳይሆን የታሪኩ መጠየቂያ ነው። ድንጋይ በራሱ አይናገርም፤ አባት ሲናገርለት ግን ይመሰክራል።

የመናውም ነገር እንዲሁ ነው። አሮን አንድ ጎሞር መና በመሶበ ወርቅ አድርጎ ለትውልድ እንዲያኖር ታዘዘ። ያ መና የሚያስታውሰው የወረደውን እንጀራ ብቻ ሳይሆን፥ እንጀራው ያስፈለገበትን ረኀብና ምድረ በዳ ጭምር ነው። ችግሩን ያልሰማ ልጅ ምሕረቱን ሊያደንቅ አይችልም።

ሌላም ምሳሌ አለ። ዳዊት ጎልያድን የገደለበት ሰይፍ በኖብ በካህኑ በአቢሜሌክ ዘንድ በመጐናጸፊያ ተጠቅልሎ ከኤፉዱ በኋላ ተቀምጦ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ ዳዊት ከሳኦል ፊት ሲሸሽ፥ የሚበላው ኅብስት፥ የሚይዘውም መሣሪያ አጥቶ ወደዚያ ስፍራ መጣ። ያገኘውም ያንኑ ሰይፍ ነበር። በብላቴንነቱ የረዳው አምላክ ምስክር በስደቱ ቀን እንደ ገና እጁ ላይ ወደቀ። በተድላ ቀን የተቀመጠ መታሰቢያ በመከራ ቀን ይህን ያህል ይጠቅማል።

በእኛ አገር ያለው ልማድ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ረገድ ባለጸጋ ናት። ገና ወንዱ ልጅ በ40 ቀኑ፥ ሴቷም ልጅ በ80 ቀኗ ስትጠመቅ በአንገታቸው ማዕተብ ይታሰራል። ቃሉ ዐተበ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ሲሆን፥ በትእምርተ መስቀል ማማተብን ያመለክታል። ሕፃኑ ምንም ሳያውቅ የታሰረለት ፈትል፥ ባወቀ ጊዜ፥ እርሱ ሳይፈልገው አምላክ አስቀድሞ እንደ ፈለገው ይነግረዋል።

ዓመቱም ዞሮ ሲመጣ መታሰቢያዎቹ ይከተላሉ። በሆሣዕና ዕለት ምእመናን ዘንባባውን እንደ ቀለበትና እንደ መስቀል እየሠሩ በጣታቸውና በግንባራቸው ያደርጋሉ። በቅዳም ሥዑር ካህናት የሚያድሉት ለምለም ቀጤማ በራስ ላይ ይታሰራል፤ ይኸውም የጥፋት ውኃ መጕደሉን ለኖኅ ያበሠረችውን ርግብ ያስታውሳል። በመስቀል በዓልም ደመራው ከተቃጠለ በኋላ ብዙ ሰው አመዱን በግንባሩ ይቀባል፤ ንግሥት ዕሌኒ ቅዱስ መስቀሉን ያገኘችበትን ታሪክ ያስባል። በወሎ የምትገኘው ግሸን ደብረ ከርቤም፥ በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ግማደ መስቀሉ ያረፈባት ስፍራ መሆኗ ስለሚታመን፥ መስከረም 21 ቀን ከየአቅጣጫው የሚመጣ ሕዝብ ያጥለቀልቃታል።

ነገሥታቱና መኳንንቱም የተደረገላቸውን ረድኤት በድንጋይ ጽፈዋል። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዐድዋ ለተገኘው ድል መታሰቢያ በአዲስ አበባ የአራዳው የቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አለ። በሐረርጌም ራስ መኰንን ከዚያው ጦርነት ከተመለሱ በኋላ በቍልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ለምስጋና እንደ ተከሉ ይነገራል። ዛሬም በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ብዙ ሕዝብ ጥላውን፥ ምንጣፉን፥ ሻማውንና ዕጣኑን ይዞ ስለቱን ሊያገባ ወደ ቍልቢ ይወጣል።

የተራው ምእመን ቤት ደግሞ የራሱ ምስክር አለው። የጽዋ ማኅበር ባለበት ሰፈር ጽዋው በየወሩ ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት ይዞራል። በ12 የቅዱስ ሚካኤል፥ በ21 የእመቤታችን፥ በ23 የቅዱስ ጊዮርጊስ፥ በ27 የመድኃኔ ዓለም ዝክር ሲዘከር፥ ተረኛው ጽዋውን ተቀብሎ ወደ ቤቱ ሲያስገባ፥ የወላጆቹን ቃል ኪዳን ተቀብሎ ማስገባቱ ነው። አንዳንዱም ቤት ከአያት የወረደ የብራና ዳዊት ይገኛል። የቀደሙት ሰዎች በባዶው ቅጠልና በኅዳጉ ላይ የባለቤቱን ስም፥ አንዳንድ ጊዜም የቤተ ሰቡን ጉዳይ ይጽፉበት ነበር። አብያተ ክርስቲያናትም የርስታቸውንና የተሰጣቸውን ስጦታ ታሪክ በወንጌላቸው ቅጠል ላይ መዝግበው አቆይተዋል። አባቶቻችን የምድራቸውን ጉዳይ ከጸሎታቸው መጽሐፍ ጋራ በአንድ ጥራዝ ማኖራቸው፥ ኑሯቸውን ከአምላካቸው ለይተው አለማየታቸውን ያስረዳል።

ታሪኩ የጠፋበት ዕቃ

ነገር ግን ዕቃው ተቀምጦ ታሪኩ ቢጠፋ ምን ይሆናል? ለዚህ በቅርብ ዘመን የተደረገ እውነተኛ ነገር እንጥቀስ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. የእንግሊዝ ጦር መቅደላን በያዘ ጊዜ ብዙ ንዋያተ ቅድሳት ተዘርፈው ተወሰዱ። ከእነዚህ አንዱ ታቦት በስኮትላንድ በኤዲንብራ ከተማ ወደሚገኝ አንድ ቤተ ክርስቲያን ደረሰ፤ ከዚያም በቁም ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ከ130 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቈየ። ያስቀመጡት ሰዎች አልጣሉትም፤ አልሰበሩትምም፤ ምን እንደ ሆነ ግን አላወቁም። ኢትዮጵያን የሚያውቅ አንድ የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን አይቶ ለይቶት፥ በ1994 ዓ.ም. ወደ አገሩ ሲመለስ፥ በአዲስ አበባ እጅግ ብዙ ሕዝብ ወጥቶ በእልልታና በዝማሬ ተቀበለው።

በእርግጥ ታቦት የእግዚአብሔር ስም የተጻፈበት፥ ቅዱስ ቍርባን የሚከብርበት ንዋይ ስለ ሆነ፥ በየቤታችን ካለው ማስታወሻ ጋራ የሚተካከል አይደለም። ሆኖም የነገሩ ትምህርት ለሁላችን ይሆናል። በአንዱ ስፍራ በቁም ሣጥን የተረሳው ያው ንዋይ፥ በሌላው ስፍራ ሕዝብን በእንባ አስወጣ። ልዩነቱ በንዋዩ አይደለም፤ ልዩነቱ ታሪኩን በሚያውቁትና በማያውቁት መካከል ነው።

አሁን ወደየቤታችን እንመለስ። እናታችን ከሣጥኗ ሥር በነጭ ጨርቅ ጠቅልላ ያስቀመጠችው የእጅ መስቀል የማን ነበረ? አባታችን በየዓመቱ በአንድ በተወሰነ ቀን ሻማ የሚያበራው ስለ ምንድን ነው? ከአልጋው ራስጌ የተሰቀለው ሥዕል መቼ፥ በማን፥ ስለ ምን ምክንያት ወደዚህ ቤት ገባ? ብዙዎቻችን ይህን ለመጠየቅ ነገ ነገ ስንል፥ የሚመልሱልን ሰዎች አንድ በአንድ ያልፋሉ። እነርሱ ባለፉ ማግሥት ዕቃው ይቀራል፤ ምስክርነቱ ግን ከእነርሱ ጋራ ይቀበራል። የቀብሩ ጣጣ አልቆ ቤት ሲጸዳም፥ የአንድ ቤተ ሰብ የምሕረት ታሪክ ከአሮጌ ዕቃ ጋራ ተደባልቆ ይወጣል።

በዘመናችን ደግሞ ልጆቻችን ወደ አሜሪካ፥ ወደ አውሮፓና ወደ ዐረብ አገሮች ተበትነዋል። በዚያ የሚወለደው ትውልድ አማርኛውን እንኳ በችግር ይናገራል። ይህ ልጅ አንድ ቀን በወላጆቹ ቤት ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ጥቍር የእንጨት መስቀል አይቶ «እማዬ፥ ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። እናቲቱም «ከአገር ቤት የመጣ ጌጥ ነው» ብላ ካለፈች፥ በእርግጥ ጌጥ ሆኖ ቀረ። «አያትህ እኔን ወደዚህ ስትሸኝ ከራሷ አንገት አውልቃ የሰጠችኝ ነው፤ ሥራ ባጣሁበት፥ ሰውም ባላውቅበት በመጀመሪያው ክረምት ይህን ይዤ እጸልይ ነበር፤ እግዚአብሔርም አልተወኝም» ብላ ከነገረችው ግን፥ ያ ልጅ ከዮርዳኖስ መካከል የወጣውን ድንጋይ አየ ማለት ነው።

መታሰቢያው ጣዖት እንዳይሆን

በሌላው ወገን ደግሞ ልንጠነቀቅበት የሚገባ ነገር አለ። በምድረ በዳ እስራኤል በእባብ በተነደፉ ጊዜ ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የናስ እባብ ሠርቶ ሰቀለ፤ ያየውም ሁሉ ዳነ። ያ የናስ እባብ የምሕረት መታሰቢያ ሆኖ ለብዙ ዘመን ተቀመጠ። በኋላ ግን ሕዝቡ ያዳናቸውን ትተው ለናሱ ያጥኑ ጀመሩ። ስለዚህ ደገኛው ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው። ንጉሡ የሙሴን ሥራ ስለ ናቀ አይደለም፤ ምልክቱ የሚያመለክተውን ስለ ሸፈነ ነው እንጂ።

ይህ አደጋ በእኛም ዘንድ አለ። ማዕተቡን ከክፉ ዓይን ለመዳን ብቻ የሚያስር፥ መስቀሉን እንደ ንግድ ዕድል የሚቈጥር፥ ወይም ከጠንቋይ ቤት የመጣ ክታብ ከማዕተቡ ጋራ አጣምሮ የሚሸከም ሰው፥ መታሰቢያና አስማት ተደባልቀውበታል። ሁለቱን ለመለየት አስቸጋሪ አይደለም። አስማት «ይህን ከያዝህ ምንም አይነካህም» ይላል፤ መታሰቢያ ግን «ቢነካህም ያልተወህን አስብ» ይላል። ክታቡ ሲጠፋ ባለቤቱ ይደነግጣል፤ መታሰቢያው ቢጠፋ ግን ባለቤቱ ያዝናል እንጂ አምላኩ የጠፋበት አይመስለውም። የንዋያት ክብር ምንጩ በእነርሱ የሚመሰገነው አምላክ ነው፤ የቤታችንም መታሰቢያ ከዚህ ሥርዓት ሊወጣ አይገባውም።

በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው የሚላኖ ኤጲስ ቆጶስ አምብሮስዮስ በጦርነት የተማረኩትን ሰዎች ለመቤዠት የቤተ ክርስቲያንን የብርና የወርቅ ዕቃ አቅልጦ ከፍሎአል። ዕቃው እግዚአብሔርን ለማክበር የተሠራ ነበረ፤ የተማረከ ሰው ነጻ ሲወጣም ያው እግዚአብሔር ከበረ። እንግዲህ መታሰቢያን አጥብቆ መያዝ መልካም ነው፤ ነገር ግን የሚታሰበው ቸር አምላክ ስለ ሆነ፥ መታሰቢያው ቸርነትን ካልወለደ ከንቱ ይሆናል። አባቶቻችን ዝክር ሲዘክሩ ለድኻው እንጀራ የሚያድሉት ስለዚህ ነው። እኛ የተራብንበትን ቀን የምናስበው፥ ዛሬ የተራበውን ባበላንበት መጠን ነው።

ስላልተመለሰው ጸሎት

ይህን የሚያነብ ሰው «ልጄ ድኖልኝ ቢሆን ኖሮ እኔም ምስክር ባቆምሁ ነበር፤ ነገር ግን ተሳልሁ፥ ጾምሁ፥ ጸለይሁ፥ ልጄም ሞተ፤ እኔ ምን ላስቀምጥ?» ቢል መልሱ ምንድን ነው? ይህን ጥያቄ በችኰላ ቃል ማለፍ አይገባም። ብዙ ቤት ይህን ኀዘን ይዞ በዝምታ ይኖራል፤ የሌላው ሰው የምስጋና በዓል ቍስሉን ያመረቅዝበታል።

ቤተ ክርስቲያናችን ግን ኀዘንተኛውን ያለ መታሰቢያ አልተወችውም። ለሞተው ሰው በ40 ቀኑና በዓመቱ ጸሎተ ፍትሐትና ተዝካር ታደርጋለች፤ ስሙን በጸሎት ትጠራለች። ይህ የተፈጸመ ልመና መታሰቢያ አይደለም፤ ነገር ግን የሞተው ሰው በእግዚአብሔር ዘንድ እንዳልተረሳ የሚመሰክር ነው። የመታሰቢያችን ሁሉ ራስ የሆነው ቅዱስ ቍርባንም የጌታችንን ሞት የምናስብበት ነው። በእምነታችን እርሱ ማስታወሻ ብቻ ሳይሆን እውነተኛ ሥጋውና ደሙ ነው። ሆኖም ጌታችን እንዲታሰብ ያዘዘው የክብሩን ቀን ብቻ አለመሆኑን ልናስተውል ይገባናል፤ ተላልፎ በተሰጠባት ሌሊት፥ ስለሚቈረሰው ሥጋውና ስለሚፈሰው ደሙ ተናገረ። ስለዚህ ልጇ የሞተባት እናት የልጇን ነጠላ ብታስቀምጥ፥ ያስቀመጠችው የጕዳቷን ብቻ ሳይሆን፥ በጕዳቷ መካከል ያቆማትን ጭምር ነው። በዚያ ዓመት ያጽናናትን ጎረቤት፥ ሌሊት ሌሊት ያነበበችውን ዳዊት፥ ከዚያም በኋላ እንደ ገና ለመነሣት የተሰጣትን ኀይል ነጠላው ያሳስባታል። የእግዚአብሔር ታማኝነት የሚታወቀው የለመንነውን በመስጠቱ ብቻ አይደለም፤ ባልሰጠበትም ጊዜ ከእኛ ባለመለየቱ ነው።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

ይህን ለመፈጸም ገንዘብ አያስፈልግም። አስቀድሞ፥ በቤት ያለውን ዕቃ መመርመር ይገባል። አዲስ ከመግዛት በፊት ከአባትና ከእናት የወረደውን አውጥቶ፥ በሕይወት ያሉትን ሽማግሌዎች «ይህ ከወዴት መጣ?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ሽማግሌው ሲናገር አንዱ ልጅ ይጻፍ፤ ዛሬ በእጅ ስልክ ድምፅ መቅረጽ ስለሚቻል የአያት ድምፅ ራሱ ቢቀረጽ ደግሞ እጅግ መልካም ነው።

ቀጥሎ፥ ታሪኩ በአጭር ጽሑፍ ከዕቃው ጋራ ይቀመጥ። ምን እንደ ተደረገ፥ በምን ዓመተ ምሕረት፥ ማን እንደ ነበረ፥ ምን እንደ ተሳለና ስለቱ መቼ እንደ ገባ በግልጽ ይጻፍ። ዓመትና ስም የሌለው ታሪክ ከአንድ ትውልድ በኋላ ተረት ይመስላል።

ሦስተኛው፥ ለዕቃው ቀን ይወሰንለት። የቤቱ ዝክር በሚዘከርበት ወር ወይም የልጁ ክርስትና በተነሣበት ዕለት ቤተ ሰቡ ከጸሎት በኋላ ዕቃውን አውጥቶ ታሪኩን ይናገር። መጀመሪያ አባት ወይም እናት ይናገሩ፤ በሚቀጥለው ዓመት ታላቁ ልጅ፥ ከዚያም ታናሹ ይናገር። ልጅ የሰማውን ሊረሳ ይችላል፤ በራሱ አፍ የተናገረውን ግን አይረሳም።

አራተኛው፥ ታሪኩ ሳይጨመርበትና ሳይቀነስለት ይነገር። ምሕረቱን ለማግነን ያልሆነውን መጨመር እግዚአብሔርን አያከብርም፤ ልጁ አድጎ ሐሰቱን ባወቀ ጊዜም እውነተኛውን ጭምር ይጥለዋል። የታመመ ልጅ በጠበልና በሐኪም እጅ ከዳነ፥ ሁለቱም ይነገሩ፤ ለሐኪሙም ጥበብን የሰጠ እግዚአብሔር ነውና።

በመጨረሻም፥ እያንዳንዱ መታሰቢያ አንድ የምሕረት ሥራ ይከተለው። በስደት የተረዳ ቤት ስደተኛን ይቀበል፤ ከሕመም የዳነ ሰው በሽተኛ ይጠይቅ፤ በድህነቱ ጊዜ ጎረቤት የደረሰለት ሰው በጓዳው ካለው ያካፍል።

ዮርዳኖስ ከዚያ ቀን በኋላ እንደ ቀድሞው ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሕዝቡ የተሻገረበት መንገድም በውኃ ተሸፈነ። መሻገራቸውን የሚያሳይ ከወንዙ ላይ ምንም አልቀረም፤ የቀሩት 12ቱ ድንጋዮችና የአባቶች አፍ ነበሩ። እኛም የተሻገርንባቸው ወንዞች ተመልሰው ይሞላሉ፤ ጊዜም መንገዳችንን ይሸፍነዋል። ልጆቻችን እንደ ተሻገርን የሚያውቁት ድንጋዩን ያነሣን እንደ ሆነ፥ በጠየቁንም ጊዜ የመለስንላቸው እንደ ሆነ ነው።

ቸርነቱን እንዳንረሳ ልቡና ይስጠን፤ ለልጆቻችንም የምንነግረው የተሟላ ምስክርነት ያድርግልን። አሜን።